የወረዳ አስተዳደር ሚና በባዮጋዝ ልማት፡ ምዕራብ ዓባያ እንደ ማሳያ

ባዮጋዝ የከብት እበትና ውሃ ተቀላቅለው አየር በማይገባበት የማብላያ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላሉ የሚመነጭ፣ አብዛኛው ይዘቱ ሚቴን የሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። ለምግብ ማብሰያና ለመብራት ያገለግላል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ማብላያ እ.ኤ.አ. በ1979 በአምቦ እርሻ ኮሌጅ የተገነባ ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ሁለት አሥርት ተኩል ዓመታት አንድ ሺህ ያህል ማብላያዎች በልዩ ልዩ አካባቢዎች ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲነደፍ ከእነዚህ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ አገልግሎት መስጠት አቁመው ነበር። በምክንያትነት የተጠቀሱት የክትትል ማነስ፣ የቴክኒክ ብልሽት፣ የውሃ እጥረትና የከብት ቁጥር መቀነስ ናቸው። እነዚህ ችግሮች ደግሞ በዋና ከተማ ሳይሆን በወረዳ የሚታዩና በወረዳ የሚፈቱ ናቸው።

ከኔዘርላንድስ የልማት ድርጅት ኤስ.ኤን.ቪ ጋር በመተባበር የተጀመረው ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል ተካሂዷል። 14 ሺህ ማብላያዎች ለመገንባት ታቅዶ የተሠሩት ከ8 ሺህ ጥቂት የበለጡ ናቸው። ንድፉ ከኔፓል ተወስዶ ለአገሪቱ ሁኔታ የተስማማ ሲሆን «ስንዱ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። ለፕሮግራሙ የተመረጡት አራቱ ክልሎች በ1994 ዓ.ም. የወረዳ ጥቅል በጀት አሠራር የተጀመረባቸው ክልሎችም ነበሩ። በአሠራሩ መሠረት ተጠቃሚውን የሚለየው የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ፣ የሚገነባው የሠለጠነ የአካባቢ ግንበኛ ነው። በደቡብ ብድሩን ያቀረበው በኋላ ወደ ባንክነት ያደገው ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ነው።

በጋሞ ዞን የሚገኘው ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ከዓባያ ሐይቅ ዳርቻ አንሥቶ በስተምዕራብ ወደ ጋሞ ተራሮች የሚዘልቅ ነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በዋና ከተማው በብርብር በኩል ያልፋል። ቆላው በሙዝ ልማት ይታወቃል። የጋሞ ደጋ አርሶ አደር ግን እበትን ከሁሉ በፊት ለእንሰት ማሳው ይፈልገዋል፤ ስለሆነም እበት ለማገዶ ይዋል የሚል ምክር እዚያ ተቀባይነት አያገኝም። የባዮጋዝ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ ተረፈ ምርት የማዳበሪያ ይዘቱን ይዞ ወደ እንሰቱም ሆነ ወደ ሙዙ ይመለሳል። ይህን አስቀድሞ የሚያስረዳ ባለሙያ የተሻለ ተሰሚነት እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም።

በፕሮግራሙ መመዘኛ አንድ ቤተሰብ ቢያንስ አራት ከብቶች ሊኖሩት፣ ውሃውም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት ውስጥ ሊገኝ ይገባል። ውሃው ከእበቱ ጋር በእኩል መጠን ይቀላቀላልና ደረቅ ወራት በበረቱበት ቀበሌ ማብላያ መገንባት ገንዘብ መቅበር ነው። ከብቶቹ በመስክ የሚያድሩ ከሆነም እበቱን በየዕለቱ መሰብሰብ ያስቸግራል። በስምጥ ሸለቆው ቆላ ደግሞ ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከብት ይጎዳል። በዚህ የተነሣ የኢነርጂው ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ከእንስሳት ጤናና ከመጠጥ ውሃ ዕቅድ ተነጥሎ ሊዘጋጅ አይችልም። ሦስቱንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ የሚችለው የወረዳው አስተዳደር ነው።

በአግባቡ የተገነባ ማብላያ ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። በአንጻሩ ተጠሪ መሥሪያ ቤቶች ይለዋወጣሉ። የጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በአካባቢው የተሠራ ማብላያ ያለው አርሶ አደር በሁለት ዞንና በሁለት ክልል ሥር አልፏል ማለት ነው። በየቀበሌው የት፣ መቼ፣ በማን እንደተገነባ የሚያሳይ መዝገብ በርክክብ ጊዜ ካልተላለፈ፣ የጋዝ መዝጊያ ሲበላሽ ወይም ቱቦ ሲያፈስ ወደ ማን እንደሚኬድ የሚያውቅ አይገኝም። እነዚህ መለዋወጫዎች ከግንባታው ወጪ ጋር ሲነጻጸሩ ርካሽ ቢሆኑም፣ የወረዳው ዓመታዊ በጀት ለጥገናና ለባለሙያ የመስክ ጉዞ የተለየ መደብ ካልያዘላቸው አይገዙም።