መፍታት፣ መቁጠር፣ መታረም

ስላቅ ሳቅን መሣሪያው ያደረገ ፍርድ ነው። ሥልጣንን የሚመረምር ስላቅ ደግሞ ተመልካቹ የሚስቀው በማን ላይ እንደሆነ ራሱ እንዲደርስበት ይተወዋል። ይህ ችሎታ በተሰጥኦ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በትምህርት የሚዳብር መሆኑን የአገራችን የኪነ ጥበብ ታሪክ ይመሰክራል።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ወጣቱ በድርብ ንግግር የሚሠለጥነው በቅኔ ቤት ነበር። ተማሪው በቅድሚያ የመምህሩን ቅኔ ሰምና ወርቁን ለይቶ ይፈታል፤ ቀጥሎም ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ የራሱን ይቆጥራል፤ በመጨረሻ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል።

ድርብ ንግግር ወደ ዘመናዊ ቴአትር መድረክ የወጣው ሩሲያ በተማሩት በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ብዕር ነው። በ1913 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የታየው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥቶ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት በአራዊት አንደበት አጋለጠ። ከተመልካቾቹ መካከል መሳፍንትና መኳንንት ነበሩ። ወርቁ አልተሰወረም፤ ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትር እንዳይታይ ከለከሉ። ክልከላውም በ1922 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ጸና።

ከዚያ በኋላ ቴአትር የተመለሰው በትምህርት ቤት በር ነው። የቅኔ ሰው የነበሩት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ መላኩ በጎሰው ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ለመድረክ አበቁ። ሆኖም ቤተ መንግሥት የሚታደመው መድረክ ወሰን ነበረው፤ ምክርና ውዳሴ ሰፊውን ቦታ ያዙ። ከዚህም ይበልጥ ተማሪው የመምህሩን ቃል አጥንቶ የሚናገር ተዋናይ እንጂ ደራሲ አልነበረም። ከቅኔ ቤቱ ሦስት ደረጃዎች መካከለኛው፣ መቁጠሩ፣ ጎደለ።

ተማሪው ራሱ ብዕር ሲያነሣ የሚሆነው በ1953 ዓ.ም. ታየ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቀረበው የታምሩ ፈይሳ ግጥም «ደሃው ይናገራል» ስላቅ ባይሆንም፣ እስከዚያ ሲነገርለት የኖረውን ደሃ ራሱን ተናጋሪ አደረገው።

እንግዲህ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከዚህ ታሪክ የሚወርሰው ሙሉውን ሥርዓት ሊሆን ይገባል። ተማሪው በመጀመሪያ አንድን የአራዊት ተረት ይፍታ፤ አንበሳው ማን ነው? የሚፈራውስ ስለምንድን ነው? ቀጥሎ ስለሚያውቀው ጉዳይ ሁለት ስንኝ ይቁጠር። ሲታረምም ሁለት ጥያቄ ይቅረብለት፤ የተናገርኸው እውነት ነውን? በትርህ ያረፈው በጉልበተኛው ላይ ነው ወይስ በደካማው? የአካል ጉዳትን፣ ድህነትን ወይም የአነጋገር ዘዬን ማላገጫ ያደረገ ጽሑፍ ፌዝ እንጂ ስላቅ አይደለም።

መምህሩ የሰሙን ጉድለት ያቅና፤ የወርቁን እውነትነት ይፈትን። የሚቆጠቁጥ በመሆኑ ብቻ ግን አይፋቀው። የሚፍቀው ከሆነ ለመድረክ የሚቀርበው ዳግመኛ የመምህሩ ቃል ይሆናል።