ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የጻፈው ሐኪም፦ አቡበክር አር-ራዚ



ስለ ዓመተል ፊል ሲነሳ አብርሃን፣ ዝሆኑንና የአባቢል ወፎችን እናስታውሳለን። የሲራ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሓቅ ግን ሌላም ዘገባ አቆይቶልናል፦ በዐረቢያ ምድር ፈንጣጣና ኩፍኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በዚያ ዓመት ነው ይባላል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ትንፋሽ መጠራታቸውን ልብ በሉ። ሁለቱም በትኩሳት ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ቆዳ ላይ ይወጣሉ፤ ሁለቱም ሕፃናትን ይፈጃሉ። ታዲያ ማን ለያቸው?

አቡበክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 865) ገደማ፣ ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው በረይ ከተማ ተወለደ። በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን መርቷል። «ኪታቡል ጁደሪ ወል-ሐስባህ» የተሰኘው መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ 14 ምዕራፎች ብቻ አሉት። ሆኖም ሁለቱን በሽታዎች እያነጻጸሩ ለመለየት ከተጻፉና እስከ እኛ ዘመን ከደረሱ ሥራዎች ቀዳሚው እሱ ነው።

ራዚ የታማሚውን ሁኔታ በጥንቃቄ ተከታትሎ ጻፈ። የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ ይበረታል፤ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና መቁነጥነጥ ደግሞ በኩፍኝ ይብሳል አለ። ሽፍታው ገና ሳይወጣ ሐኪሙ የትኛው በሽታ እንደመጣ እንዲገምት የሚረዳ ምልክት ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚደንቀን ግን በሽታው ስለሚያስከትለው መዘዝ የጻፈው ነው። ምልክቱ እንደታየ ሐኪሙ ፈጥኖ ዓይንን እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ቀጥሎም ጉሮሮን፣ አፍንጫን፣ ጆሮንና መገጣጠሚያዎችን። ለዓይን የጽጌረዳ ውሃ ጠብታን ይመክር ነበር። ከሞት የተረፈ ልጅ ዓይነ ስውር ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ያውቃልና፣ ትኩሳቱ መብረዱ ብቻ አላረካውም።

ራዚ ሁሉን አውቋል ማለት አይደለም። የበሽታው ምክንያት የደም መፍላት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የልጅን ደም ገና ከሚፈላ የወይን ጭማቂ ጋር ያመሳስለዋል። ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ የታወቀው ከእሱ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ምክንያቱን ቢስትም በዓይኑ ያየውን በትክክል ስለመዘገበ ሥራው አልወደቀም። የግሪኩን ሐኪም ጋሌንን እንደ መምህር እያከበረ፣ ስህተት ያለውን ደግሞ «አሽ-ሹኩክ ዐላ ጃሊኑስ» በተባለ መጽሐፍ ነቅሶ ጽፏል። የፈንጣጣና የኩፍኝ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1498 በቬኒስ በላቲን፣ በ1848 ደግሞ በለንደን በእንግሊዝኛ ታትሟል።

ፈንጣጣ ዛሬ የለም። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በዓለም በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው ደግሞ በ1977 በጎረቤት ሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980 መጥፋቱን አወጀ። ለዚህ ያበቃው ክትባት ነው።

ኩፍኝ ግን ዛሬም አብሮን አለ። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን ተለይቷል፤ ክትባቱም ከ1963 ጀምሮ አለ። ሆኖም በየሰፈሩ «ኩፍኝ ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው»፣ «ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ አይወጋም» ሲባል እንሰማለን። ልጁ ጨለማ ክፍል ተሸፍኖ ይተኛል፤ መዘዙ ግን በዚያው ይመጣል። የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ የጆሮ መግል፣ አንዳንዴም የአንጎል እብጠት ይከተላል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ለዚህም ነው ኩፍኝ ለያዘው ልጅ በጤና ተቋም በተከታታይ ሁለት ቀን ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው።

ወጣቶች ሆይ! በራዚ ስም መኩራት ቀላል ነው። ከእሱ የምንወስደው ትምህርት ግን ታማሚውን ሳይዘናጉ መከታተል ነው። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ዛሬ ማታ የታናናሾቻችሁንና የእህት የወንድም ልጆችን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ ሁለተኛው ክትባት የቀረበት ካለ ነገ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቤታችሁ ውስጥ በኩፍኝ የተኛ ልጅ ካለ ደግሞ ነገን አትጠብቁ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።