ዱካ ላይ የቆመው ሰው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ የልብ ቀዶ ሐኪም ነው። ሐኪም ግን አልነበረም። በሕክምና ትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ በተማሪነት አልተቀመጠም፤ በሰው ገላ ላይ ቢላ አላሳረፈም። ቢሆንም በአሜሪካ የልብ ቀዶ ሕክምናን ካቀኑት ሰዎች ስንቱ ቢላ አያያዝ የተማረው ከእሱ ነው። ይኼ እንዴት ይሆናል ትሉኛላችሁ። ቆዩ፣ ትረካው እዚያው ላይ ነው ያለው።

ስሙ ቪቪያን ቶማስ ይባላል። በ1910 በሉዊዚያና ተወለደ፤ ያደገው በቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፤ አንዷን ቀን ብቻ ወደ እኛ አመጣታለሁ።) አባቱ ጥቁር አናጺ ነበር፤ ልጅም መጋዝና መዶሻውን ከአባቱ እጅ ተቀበለ። በልቡ የያዘው ግን ሐኪም መሆንን ነው። ከአናጺነት የሚያገኛትን ሳንቲም በሳንቲም ላይ እያስቀመጠ ለትምህርቱ ያጠራቅም ጀመር። ከዚያ 1929 መጣ፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ፤ ሥራም ጠፋ። ቪቪያን ለጊዜው ቀኑን ልግፋ ብሎ በየካቲት 1930 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጠረ። ዓመቱ ሳይሞላ ገንዘቡን ያስቀመጠበት ባንክ ተዘጋ፤ ያቺ ጥሪት ከባንኩ ጋር አብራ ቀለጠች። ለጊዜው የተባለው ሥራ የዕድሜ ልክ ሆነ።

የቀጠረው አልፍሬድ ብላሎክ ይባላል፤ የጆርጂያ ተወላጅ፣ የ30 ዓመት ነጭ ቀዶ ሐኪም፣ ሲናደድ አፉን የማይገታ። ግን ዓይን ነበረው። አናጺው በወራት ውስጥ ውሻ አደንዝዞ፣ ደረቱን ከፍቶ፣ ሙከራውን ሠርቶ፣ ውጤቱን መዝግቦ የሚያቀርብ ሰው ሆነ። ብላሎክ ስሙን ያስጠራበት የጥናት ሥራ፣ ደም ፈስሶት ራሱን የሳተ ሰው እንዴት ይተርፋል የሚለው፣ ባብዛኛው በእነዚህ እጆች ያለፈ ነው። ጥናቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደር አትርፏል። የደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን የቪቪያን ማዕረግ የፅዳት ሠራተኛ ነበር። በሳምንት 12 ዶላር።

በ1941 ብላሎክ በባልቲሞር ለጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ሆኖ ሲሄድ ቪቪያንን ይዞ ሄደ። ባልቲሞር መፀዳጃ ቤቱ እንኳ የነጭና የጥቁር ተብሎ የተለየ ነበር። በሆስፒታሉ ጥቁር ሰው የሚታየው መጥረጊያ ይዞ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ጥቁር በኮሪደሩ ሲያልፍ አንገት ሁሉ ይዞር ነበርና፣ ቪቪያን ከቤተ ሙከራው ወደ አለቃው ቢሮ ሲሄድ ጋዋኑን አውልቆ በተራ ልብሱ ይሄድ ጀመር። ብላሎክ «ቪቪያን» ይለዋል፤ እሱ «ዶክተር ብላሎክ» ይላል። በእኛ ቋንቋ ቢሆን አንዱ አንተ፣ ሌላው እርስዎ እየተባባሉ 34 ዓመት አብረው ሠሩ ማለት ነው።

አሁን አንዲት ሴት ትግባ። ሔለን ታውሲግ፣ የልጆች ልብ ሐኪም። ጆሮዋ ስለደከመ የሕፃናቱን ልብ በጣቶቿ ታዳምጥ ነበር። ክፍሏ የሚሞላው ከንፈራቸውና ጥፍራቸው በጠቆረ፣ ሰማያዊ በመሰለ ልጆች ነው። ልጁ ሁለት እርምጃ ይራመድና ቁጢጥ ይላል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኛ አገር እናት «ልጄ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ ተባለ» ስትል ትሰሟት የለ? የእነዚህኞቹ ከቀዳዳው ሌላ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድ ጠቧል። ስለዚህ አየር ያላገኘ ደም ተመልሶ በሰውነት ይዞራል። ታውሲግ በ1943 ለብላሎክና ለቪቪያን ነገራቸው፤ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ መስመር እንደሚቀይር ሁሉ ወደ ሳንባ ተጨማሪ ደም የሚያደርስ ነገር አይገኝም ወይ?

ቪቪያን ከዓመታት በፊት ናሽቪል እያሉ ለሌላ ጉዳይ የሞከሩትንና ያልሠራላቸውን አንድ ነገር አስታወሰ፤ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ቧንቧ ወስዶ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ጋር መስፋት። አስቸጋሪው መስፋቱ ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱን ለመፈተን መጀመሪያ በሽታውን በውሻ ላይ መፍጠር ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ገደማና 200 ያህል ውሾች ፈጀ። ከተረፉት መካከል አና የምትባለው ውሻ ሥዕሏ በሆፕኪንስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዚያን ጊዜ መርፌ ለሕፃን የደም ቧንቧ ስላልሆነ ቪቪያን ቆርጦ አሳጠረው፤ ጫፉንም እንደገና ሳለው። አናጺ አይደል።

ኖቬምበር 29 ቀን 1944 ደረሰ። በእኛ ኅዳር 20 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ። የመጀመሪያዋ ታካሚ አይሊን የ15 ወር ልጅ ናት፤ ክብደቷ ከ4 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። ብላሎክ ይህን ስፌት በውሻ ላይ የሞከረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለቪቪያን ረዳት ሆኖ። ቪቪያን ቤተ ሙከራው ሊቀር አስቦ ነበር። ብላሎክ ግን ቢላውን ሳያነሳ ጥሩልኝ አለ። ሲመጣ ከጀርባው፣ በቀኝ ትከሻው በኩል፣ ዱካ ላይ አቆመው።

እንግዲህ ሥዕሉን እዩልኝ። ክፍሉ በሐኪም ተሞልቷል። አንድ ጥቁር ሰው ዱካ ላይ ቆሞ በአለቃው ትከሻ አሻግሮ ከጣት በቀጠነ ቧንቧ ላይ ዓይኑን ተክሏል። አለቃው አንገቱን እየመለሰ ይጠይቀዋል፤ ይኼ ርዝመት ይበቃል? እዚህ ጋ ይደርሳል? መርፌው ወደተሳሳተ አቅጣጫ ሲሄድ ከላይ ቀስ ያለ ድምፅ ያርመዋል።

ልጅቷ ከዚያ ጠረጴዛ በሕይወት ወረደች። ወራት ቆይቶ ሕመሙ ተመለሰባትና ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ አረፈች፤ ሁለት ዓመቷንም አልደፈነችም። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሦስተኛው ታካሚ የ6 ዓመት ወንድ ነበር። መቆንጠጫው ሲነሳ ከንፈሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀላ። ከዚያ ወዲያ ወላጆች ልጆቻቸውን ታቅፈው ከየአቅጣጫው ወደ ባልቲሞር ጎረፉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ200 በላይ ልጆች ታከሙ። በ1945 የወጣው ጥናት የብላሎክንና የታውሲግን ስም ያዘ። የቪቪያን ስም የትም የለም።

እሱ ቀን ቀን ወጣት ሐኪሞችን ስፌት ያስተምራል። ማታ በብላሎክ ቤት ግብዣ ሲኖር፣ ደመወዙ ቤተሰብ አያኖርምና፣ ለእነዚያው ተማሪዎቹ መጠጥ ይቀዳል። ይህን ለመፍረድ የምቸኩል አይደለሁም፤ ብላሎክ ባይኖር ቪቪያን ያን በር አያልፍም ነበር። ግን ስሙን አንድ መስመር ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል? ቪቪያን ሕልሙን አልተወም፤ ኮሌጅ ሊገባ ጠየቀ። ከመጀመሪያው ዓመት ትጀምራለህ ተባለ። ሲያሰላው፣ ሐኪም ሆኖ የሚመረቀው 50 ዓመት ሲሞላው ነው። ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰ።

ብላሎክ በ1964 ሞተ። በ1971 በቪቪያን እጅ ያለፉት ቀዶ ሐኪሞች፣ አሁን በየሆስፒታሉ ትልልቅ አለቆች የሆኑት፣ ገንዘብ አዋጥተው ሥዕሉን አሠሩና ለሆፕኪንስ አበረከቱ። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ዴንተን ኩሊ ነው፤ በአይሊን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ ጀማሪ ሐኪም ነበር፤ በ1969 ሰው ሠራሽ ልብን ሙሉ በሙሉ ተክቶ በሰው ደረት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኖረውም እሱው ነው። በ1976 የሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለቪቪያን የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የሕክምና እንዳይመስላችሁ፤ የሕግ። ይሁን፣ «ዶክተር ቶማስ» መባሉ አልቀረም። ስፌቱም ዛሬ በብዙዎች አፍ የሦስት ሰዎች ስም ይዟል፤ ብላሎክ፣ ቶማስ፣ ታውሲግ።

በ1979 ጡረታ ወጥቶ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ኖቬምበር 26 ቀን 1985 አረፈ፤ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት የወጣው ከቀናት በኋላ ነው። ዱካው ላይ የቆመባት ቀን 41 ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር።