የሴንትራል ቫሊ ፕሮጀክት ማሻሻያ ሕግ

የሴንትራል ቫሊ ፕሮጀክት ማሻሻያ ሕግ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ የሚገኘውን ሴንትራል ቫሊ ፕሮጀክት የተባለ ሰፊ የመስኖ ሥርዓት የውኃ ድልድል ያሻሻለ የፌዴራል ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1992 ፈርመውበታል።

መነሻ፦ ቺኑክ ሳልመን የተባለው ዓሣ በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር ያድጋል፤ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዙ ይመለሳል። በሳክራሜንቶ ወንዝ ላይ የተሠራው ሻስታ ግድብ ወደ ላይኛው ቀዝቃዛ መራቢያው የሚወስደውን መንገድ ዘጋበት። በሳን ዋኪን ወንዝ ላይ ከፍራያንት ግድብ በታች ያለው ክፍልም በመስኖ ጠለፋ ምክንያት በከፊል ደረቀ። ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ዴልታ ያሉት የፕሮጀክቱ ግዙፍ ፓምፖች ደግሞ ትንንሽ ዓሦችን ከውኃው ጋር ይስባሉ።

ድንጋጌዎች፦ ሕጉ የዓሣና የዱር እንስሳት ጥበቃን ከመስኖ ጋር የፕሮጀክቱ ዓላማ አደረገ። በየዓመቱ 800,000 ኤከር ጫማ (ወደ 987 ሚሊዮን ሜትር ኩብ) ውኃ ለዚሁ መደበ። ከውኃና ከኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎች በሚሰበሰብ ክፍያ የሚንቀሳቀስ የማገገሚያ ፈንድ አቋቋመ፤ በባሕርና በወንዝ መካከል የሚመላለሱ ዓሦች የተፈጥሮ ምርትም ከ1967–1991 አማካይ በእጥፍ እንዲያድግ ግብ ጣለ።

ውጤት፦ በ1997 ሥራ የጀመረው የሻስታ ሙቀት መቆጣጠሪያ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ለመልቀቅ አስችሏል። ሆኖም የሳልመኑ የእጥፍ ግብ አልተሳካም፤ በ1993 ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበው ዴልታ ስሜልት የተባለው ትንሽ ዓሣም በተፈጥሮ መኖሪያው እጅግ ተመናምኗል። በድርቅ ዘመን ድልድሉ በገበሬዎችና በዓሣ አስጋሪዎች መካከል ሙግት ያስነሣል።