ሲጋራቸውን የተዉ ሐኪሞች



በአገራችን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በመሥሪያ ቤት ውስጥ ማጨስን ከከለከለ ወዲህ፣ አጫሽ ጓደኞቻችን ከምሳ በኋላ ወደ ግቢው ጥግ ወጣ ብለው ሲጋራቸውን ሲለኩሱ እናያቸዋለን። ስለ ምን አትተዉትም ብለን ስንጠይቃቸው የሚሰጡን መልስ ሲጋራ አይጐዳም የሚል አይደለም፤ ጉዳቱንማ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። መልሳቸው «ሃያ ዓመት ካጨስሁ በኋላ ብተወው ምን ይረባኛል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚል ነው። ይህ አነጋገር በተግሣጽ የሚመለስ ባይሆንም በታሪክ ግን ተመልሷል። የመለሱትም የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር እጅግ በመጨመሩ የጤና ሹማምንቱ አሳብ ገባቸው። ምክንያቱን በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ገሚሱ የአውቶሞቢል ጢስ ነው ሲል፣ ገሚሱ በመንገድ ላይ የሚነጠፈው ሬንጅ ነው ይል ነበር። ጉዳዩን የመረመሩት ዶክተር ሪቻርድ ዶልና የስታቲስቲክስ ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ናቸው። ዶክተር ዶል ራሳቸው ሲጋራ ያጨሱ ነበርና በመጀመሪያ የጠረጠሩት ሬንጁን ነበር። ዳሩ ግን በለንደን በ20 ሆስፒታሎች የተኙት በሽተኞች ተጠይቀው መልሳቸው ሲደመር፣ የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል ጨርሶ አጭሰው የማያውቁት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። በሌላ በሽታ ከተኙትና ቁጥራቸው እኩል ከሆነው ወንዶች ግን 27 ነበሩ። ውጤቱ በሴፕቴምበር 1950 ታተመ። ዶክተር ዶል ግን ኅትመቱን አልጠበቁም፤ ቁጥሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ባዩ ጊዜ ሲጋራቸውን ጣሉ።

ሰው ሁሉ ወዲያው አላመነም። የታመመ ሰው ስላለፈው ልማዱ የሚናገረው ሊሳሳት ይችላል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱ ሊቃውንት በ1951 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ቀየሱ። በአገሪቱ ለሚገኙት ወደ 60 ሺህ ለሚጠጉ ሐኪሞች አጭር የጥያቄ ወረቀት ላኩ፤ 40 ሺህ የሚሆኑትም መለሱላቸው። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አንባብያን የዚህን ዘዴ ብልኅነት ፈጥናችሁ ትረዱታላችሁ፤ የሐኪም ስም በመዝገብ የሰፈረ ስለሆነ የትም ቢሄድ አይጠፋም፣ ሲሞትም የሞቱ ምክንያት ተጽፎ ይገኛል። ወረቀቱ የሚጠይቀው ታጨሳለህ ወይስ አታጨስም ብሎ ብቻ አልነበረም፤ «አጭሰህ ትተሃልን?» የሚልም ነበረበት። የኋላ ኋላ ትልቁን ፍሬ ያፈራው ይህ ነው።

የመንግሥት ሥራ ጠባይ በየአገሩ አንድ ነውና አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1954 የእንግሊዝ የጤና ሚኒስትር ኢየን ማክሊዎድ ትምባሆና የሳንባ ካንሰር ግንኙነት እንዳላቸው ለጋዜጠኞች ሲገልጡ፣ መግለጫውን ይሰጡ የነበረው ሲጋራ በሲጋራ ላይ እየለኮሱ ነበር።

ሐኪሞቹ ግን ከሚኒስትሩ ይልቅ ቁጥሩን ሰሙ። ብዙዎቹ ማጨሳቸውን ተዉ። ከዓመታት በኋላም በአገሩ ወንዶች ሁሉ መካከል በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሲጨምር፣ በሐኪሞቹ ዘንድ ግን እየቀነሰ ሄደ። ሙያቸው፣ ከተማቸውና የሚተነፍሱት የአውቶሞቢል ጢስ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሲጋራው ነው።

ምርመራው ለ50 ዓመት ቀጠለ። ፕሮፌሰር ሂል በ1991 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዶክተር ዶል ግን በ91 ዓመት ዕድሜያቸው፣ በጁን 26 ቀን 2004፣ የመጀመሪያው ዘገባ በወጣ ልክ በ50 ዓመቱ፣ የ34,439 ወንዶች ሐኪሞችን የሕይወት ሒሳብ ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀረቡ። ሲጋራን እስከ መጨረሻ ያልተዉት ከማያጨሱት የሙያ ጓደኞቻቸው በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመቱ የተወ ሰው ከዚህ ውስጥ 3 ዓመት ያህል አተረፈ፤ በ50 ዓመቱ የተወ 6፣ በ40 ዓመቱ የተወ 9 ዓመት ያህል። በ30 ዓመቱ የተወውማ 10ሩን ዓመት ለማለት ይቻላል ሁሉንም አስመለሰ። እንግዲህ ውሃው ሁሉ አልፈሰሰም ነበር።

በአካል ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይስማማል። የልብ ትርታ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይረጋል፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይዞ የነበረው የጢስ መርዝ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ በልብ ላይ ያመጣው ተጨማሪ አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሳንባ ግን ቂሙን ቶሎ አይረሳም፤ የካንሰሩ አደጋ ከአጫሽ ሰው ግማሽ የሚሆነው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህን መሸሸግ አይገባም። በ1933 ዓ.ም. ካንሰር የያዘውን አንድ ሙሉ ሳንባ በቀዶ ጥገና አውጥተው በሽተኛውን በማዳን የታወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ኤቫርትስ ግራሃም ብርቱ አጫሽ ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. እሳቸውና ኧርነስት ዊንደር ያካሄዱት ምርመራ ከለንደኑ ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ስላሳያቸው ሲጋራን ተዉ፤ ነገር ግን ዘግይተው ነበርና በ1957 ዓ.ም. በዚያው በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ሳንባውን ያወጡለት ሰው ከእሳቸው በኋላ በሕይወት ቆየ።

ይህን የጻፍሁላችሁም ሰው ከትምባሆ የራቀ ሰው አልነበረም። ዜና በማነብበት ጊዜ ሳል እየቀደመኝ፣ የድምፅ ሠራተኛው እጁን ከመዝጊያው ላይ ሳያነሣ ይጠብቀኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ትቼ ሁለት ጊዜ ተመለስሁበት፤ በሦስተኛው፣ በ36 ዓመቴ፣ ቆረጥሁ። ከሁሉ የከበደኝ ከቡና በኋላ ያለችው ሩብ ሰዓት ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። በአራተኛው ወር ግን ከስቱዲዮ ስንወጣ ያ የድምፅ ሠራተኛ «ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልዘጋሁብህም» አለኝ።