ኢብራሂም ማሃማ፦ ሕንፃዎችን አሮጌ ጆንያ የሚያለብሰው ጋናዊ

ኢብራሂም ማሃማ ጋናዊ የሥነ ጥበብ ባለሙያ ነው። ሥራዎቹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥዕሎች አይደሉም። ትልልቅ ሕንፃዎችን ከጣሪያ እስከ መሬት የሚያለብሱ፣ አደባባይና አዳራሽ የሚሞሉ ግዙፍ ሥራዎች ናቸው። የሚጠቀምባቸው ዕቃዎች ደግሞ ሌላው ሰው አገልግለዋል ብሎ የተዋቸው ናቸው፦ ያረጁ ጆንያዎች፣ የሊስትሮ ሣጥኖች፣ የባቡር ወንበሮች፣ መብረር ያቆሙ አውሮፕላኖች።

ትውልድና ትምህርት

ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1987 በሰሜን ጋና ታማሌ ከተማ ተወለደ። ታማሌ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ የሰሜኑ ትልቅ ከተማ ናት። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የጋና ባቡር የተዘረጋው ወርቅና ካካዎ በሚገኝበት በደቡቡ ክፍል ነበር፤ ሐዲዱ ሰሜኑ ድረስ አልዘለቀም። ሰሜኑ ለደቡቡ ማዕድንና እርሻ ጉልበት የሚያቀርብ አካባቢ ሆኖ ቆየ። ይህ ታሪክ በኋላ ለሠራቸው ሥራዎች መነሻ ሆኖታል።

ትምህርቱን በኩማሲ ከተማ በሚገኘው በክዋሜ ንክሩማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተከታትሎ በ2010 የመጀመሪያ ዲግሪውን በሥዕል፣ በ2013 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን በሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ አገኘ።

ለምን ጆንያ?

ጋና ካካዎ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። ካካዎው የሚታሸገው ከእስያ ተገዝቶ በሚመጣ የቃጫ ጆንያ ነው። ጆንያው ከካካዎ በኋላ ሩዝ ይያዝበታል፣ በቆሎ ይሞላበታል፣ በመጨረሻም ለከሰል ይውላል። በየደረጃው ማኅተም ይመታበታል፣ የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል፣ ሲቀደድ ይሰፋል። የኢትዮጵያ ቡናም በጆንያ ስለሚላክ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከላኪው እስከ ተሸካሚው ስንት ሰው እንደነካው ጆንያው ራሱ ይመሰክራል።

ኢብራሂም አሮጌዎቹን ጆንያዎች የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ለነጋዴዎቹ አዲስ ጆንያ በመተካት ነው። ከዚያ በርካታ ሰዎችን አሰባስቦ አንዱን ከሌላው ያሰፋል። ከሰፊዎቹ መካከል ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተሞች ለሥራ የሄዱ ወጣት ሴቶች ይገኙበታል። በጋና ገበያዎች ሸክም በራሳቸው እየተሸከሙ የሚተዳደሩ እንዲህ ያሉ ሴቶች ካያዬ ይባላሉ። አንዳንዶቹ በክንዳቸው ላይ ስማቸውን ወይም የዘመዳቸውን ስም ይነቀሳሉ፤ ከቤት ርቀው አንድ ነገር ቢደርስባቸው ማንነታቸው እንዲታወቅ ነው። ኢብራሂም እነዚህን ክንዶች ፎቶ አንስቶ ለዕይታ አቅርቧል። ጆንያው ላይ የዕቃው ባለቤት ስም አለ፤ የተሸካሚዋ ስም ያለው ግን ክንዷ ላይ ብቻ ነው።

ከገበያ ወደ ዓለም አደባባይ

የመጀመሪያዎቹን የጆንያ ሥራዎቹን ያሳየው በሙዚየም ሳይሆን ጆንያው በሚውልበት በገበያ መካከል፣ አክራ ውስጥ በማላም አታ ገበያ ነበር። በ2015 በጣሊያን በቬኒስ ቢየናሌ ላይ ረጅም መተላለፊያ ግራና ቀኙን በጆንያ አለበሰ። ጎብኚው በሁለት የጆንያ ግድግዳዎች መካከል እንዲያልፍ ሆነ። በ2017 በጀርመን ካሰል ከተማ በዶክዩሜንታ ዐውደ ርዕይ ጥንድ ታሪካዊ የጥበቃ ሕንፃዎችን ሸፈነ። በ2019 ደግሞ በሚላኖ ከተማ በር፣ በፖርታ ቬኔዚያ የሚገኙትን የቀድሞ የቀረጥ ኬላዎች አለበሰ። ኬላ ማለት ዕቃ የሚፈተሽበት፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ቦታ ነው፤ የሸቀጥ ጆንያ እዚያ ላይ መዋሉ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ2024 በለንደን የባርቢካን ማዕከልን የኮንክሪት ግድግዳ 2,000 ካሬ ሜትር በሚያህል ሐምራዊ ጨርቅ ሸፈነ። ጨርቁ የተሸመነውና የተሰፋው ታማሌ ውስጥ በእጅ ሲሆን፣ ከስፋቱ የተነሳ ሥራው የተከናወነው በከተማዋ ስታዲየም ሜዳ ላይ ነበር። በላዩም ከመቶ በላይ ባታካሪ ተሰፍቶበታል። ባታካሪ የሰሜን ጋና ሰዎች የሚለብሱት የባህል ልብስ ሲሆን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍም አለ።

ወደ ታማሌ የተመለሰው ገንዘብ

ኢብራሂም ከሥራዎቹ ሽያጭ ያገኘውን ገንዘብ በትውልድ ከተማው ግንባታ ላይ አውሎታል። በ2019 ሳቫና የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልን ከፈተ። በ2020 ከከተማዋ ወጣ ባለ ስፍራ ሬድ ክሌይ የተባለውን ሰፊ ግቢ አስከተለ። እዚያ አሮጌ የባቡር ፉርጎዎች ቆመዋል፤ አገልግሎት ያቆሙ አውሮፕላኖችም ለልጆች መማሪያ ክፍል ሆነዋል።

ሦስተኛው ንክሩማ ቮሊኒ ነው። ሐውልታቸው አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የቆመው ክዋሜ ንክሩማ፣ በሥልጣን ዘመናቸው የአገሪቱ ምርት የሚከማችባቸው ግዙፍ የኮንክሪት ጎተራዎች አስጀምረው ነበር። በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ ብዙዎቹ ሥራዎች ተቋረጡ። ኢብራሂም ታማሌ ውስጥ ሳያገለግል የቀረውን ጎተራ ገዝቶ የባህል ማዕከል አደረገው።

በ2019 በእንግሊዝ ማንቸስተር ያሳየው «የመናፍስት ፓርላማ» የተባለው ሥራም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከመቶ በላይ የተጣሉ የባቡር ወንበሮችን እንደ ምክር ቤት ደርድሮ ሰው የሚቀመጥበትና የሚወያይበት አዳራሽ አደረጋቸው። በሬድ ክሌይ ግቢም በሸክላ ጡብ የተሠራ ቋሚ አዳራሽ በዚሁ ስም አለ።

የአፍሪካ የጥበብ ሥራ በአብዛኛው ወደ ውጭ ወጥቶ በውጭ ሙዚየም ይቀራል፤ የሠራው መንደር ልጆች አያዩትም። ኢብራሂም ሥራውን ለዓለም ሸጦ ገንዘቡን ታማሌ ላይ ተክሏል። ከሰሜን ጋና ለዘመናት የወጣው ጉልበት ነበር፤ ዛሬ በታማሌ ያለ አንድ ልጅ በአውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ይማራል። የዚያን ጆንያ ዋጋ ለመመዘን ሚላኖ ወይም ለንደን ብቻ ሳይሆን እዚያ ክፍል ውስጥም ማየት ያስፈልጋል።