መምህሯ ሠለጠነች፤ ወላጁስ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ይንጫጫል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። በ2015 ደግሞ 3.2 ሆነ። ያልተወቀሰ የለም፤ መምህሩ፣ ኩረጃው፣ ስልኩ፣ ቲክቶኩ፣ ፈተናው ራሱ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝና የወቀሳው ድርሻ እኔም ደርሶኛል። ዛሬ ግን ወቀሳውን ትተን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ገደማ ነው። መዋዕለ ሕፃናት መዋል የነበረበት ደግሞ ከ2000 እስከ 2002 ባለው ጊዜ። በ2003 የአገራችን የቅድመ መደበኛ ትምህርት ተሳትፎ ስንት ነበር? 5 ከመቶ ገደማ! ማለትም ከ20 ልጆች 19ኙ አንደኛ ክፍል የገቡት ከቤት ተነሥተው ነው። በ2002 የተደረገ አገር አቀፍ የንባብ ጥናትም ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ብሎ ነበር። ያኔ ግን ማንም አልተንጫጫም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ያሽቆለቆለው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ግን ጣሪያው ሲያፈስ ሁላችንም ቀና እያልን መሠረቱን የሚያይ ሰው ጠፋ።

ስለዚህ ወደ መሠረቱ እንውረድ። የትናንሽ ልጆቻችንን ትምህርት ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር እየተደጋገመ አገኘዋለሁ። በየዘመኑ ክፍሉ ይሠራል፤ መምህሯ ዘግይታም ቢሆን ትንሽ ትሠለጥናለች፤ ወላጁ ግን ሁሌም በር ላይ ይቀራል። ወላጁ በር ላይ ከቀረ ደግሞ የመምህሯም ሥልጠና ውኃ ይበላዋል።

የኔታ

ዘመናዊው ሳይመጣ በፊት ልጅ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው የኔታ ዘንድ ይሰጣል። ሀ ሁ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። የሙስሊሙም ልጅ እንዲሁ ቁርኣን ቤት ገብቶ ከፊደሉ ይጀምራል። የኔታ ኮርስ አልወሰዱም፤ ሥልጠናቸው ራሳቸው ያለፉበት መንገድ ነው። ዱላው ነበር፣ ሽምደዳው ነበር፣ ሴት ልጅም በአብዛኛው ቤት ትቀር ነበር። ይህንን ማሞገስ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ነበራቸው። የኔታና ወላጅ በመለኪያው ይስማማሉ። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ልጁ አቡጊዳ ላይ ይሁን ዳዊት ላይ ያውቃል። ዳዊት የደገመ ቀን ቤቱ ይደገሳል፤ ጎረቤት ይመርቃል። ወላጁ ፊደል ባይቆጥርም የልጁ ትምህርት የት እንደደረሰ ከነስሙ ያውቅ ነበር። ዛሬ ስንቶቻችን የአምስት ዓመት ልጃችን በዚህ ወር ምን ሊለምድ እንደሚገባው እናውቃለን?

ዕቃው መጣ፣ መጽሐፉ ቀረ

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ወደ አገራችን የገባው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች። ልብ በሉ፣ ለእኛ ልጆች አልነበረም። ከዚያም ለረጅም ጊዜ የውጭ ዜጎችና የባለጸጎች ልጆች መዋያ ሆኖ ቆየ። አብዮቱ እስከፈነዳበት እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በመላ አገሪቱ የነበሩት 77 ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በአራት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ። የሚውሉባቸው ልጆች 7,500 ቢሆኑ ነው።

የሐሳቡ አባት ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቱ የሰጠው ስም «የልጆች የአትክልት ቦታ» ማለት ነው። እኛ «መዋዕለ ሕፃናት» አልነው፤ «ዋለ» ከሚለው። ልጅ የሚውልበት። በእሱ አጠራር ልጅ ይበቅላል፣ በእኛ ይውላል። ሰውየው ወጣት ሴቶችን ለዚህ ሥራ ያሠለጥን ነበር፤ ግን በዚያ አላበቃም። በ1844 ለእናቶች የሚሆን የዜማና የጨዋታ መጽሐፍ አሳተመ። ልጁ ክፍል ውስጥ የሚጫወተውን እናቱ ቤት ውስጥ እንድትቀጥለው። ወደ እኛ ዘንድ ክፍሉ መጣ፣ መጫወቻ ዕቃው መጣ፤ የእናቶቹ መጽሐፍ ግን ባሕር ማዶ ቀረ።

ወላጅ እንደ ሠራተኛ

ደርግ መጣ። መዋዕለ ሕፃናት ቀበሌ ገባ። ይህንን ማመስገን ይገባል፤ የድሃ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለጸጋው ልጅ እኩል መዋያ አገኘ። በሥርዓቱ ማብቂያ ላይ ቁጥሩ 912 ደርሶ ከ100,000 በላይ ሕፃናትን ይዞ ነበር። ከ77 ወደ 912፣ በ16 ዓመት፣ ያውም በጦርነት ውስጥ!

ነገር ግን ዋናው ሐሳብ እናት ወደ ሥራ ትውጣ፣ ልጁ በደኅና ይዋል ነው። ለመምህራኑም የተሰጠው በወራት የሚቆጠር አጭር ሥልጠና ነበር። ወላጁ ጠዋት ያስረክባል፣ ማታ ይረከባል። በቃ።

ወላጅ እንደ ደንበኛ

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ልጁ በሁለንተናው የሚያድግበትና ለመደበኛ ትምህርት የሚዘጋጅበት ነው አለ። ጥሩ ነው። ሥራውን ግን በአብዛኛው ለግሉ ዘርፍ፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ተወው። ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ የሚሉ ቃላት ቤታችን የገቡት ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ ተሳለ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመው። በዚሁ ዘመን የመምህራኑ ሥልጠና ተሻሽሏል። በሰርተፍኬት፣ ቀጥሎም በዲፕሎማ የሠለጠኑ የቅድመ መደበኛ መምህራን መጡ። ሠልጣኟ የተማረችው ግልጽ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ የሚማረው በእጁ፣ በጨዋታ፣ በወሬ ነው። የጣቶቹ ጡንቻ ገና ሳይጠነክር እርሳስ አታስጨብጪው። ቁጥርን ከመጻፉ በፊት በባቄላና በቆርኪ ይቁጠር።

መምህሯ የተማረችውን ልሥራ ትላለች። ልጆቹን መሬት አስቀምጣ ቆርኪ በቀለም ታስለያለች። ልጁ ማታ ቤት ሲገባ ወላጅ ቦርሳውን ይከፍታል። ደብተሩ ባዶ ነው። «ይህን ሁሉ ብር የምከፍለው ሲጫወት እንዲውል ነው እንዴ?» በማግስቱ ዳይሬክተሯ ቢሮ ነው። በሳምንቱ ደብተሩ በ«ኤ» እና በ«ቢ» ተሞልቶ ይመጣል፤ ግማሹን የጻፈችው መምህሯ ራሷ ናት። ልጁ እንግሊዝኛ ቆጠረ ተብሎ እንግዳ ፊት ይቆማል። እማማና አባባ ደስ ይላቸዋል።

ወላጁ ክፉ አይደለም። ከጉሮሮው ነጥቆ ነው የሚከፍለው። ግን ትምህርት ምን እንደሚመስል ማንም አላሳየውምና የሚያውቀውን መለኪያ ያዘ፤ የተሞላ ደብተር። ከፋይ እሱ ስለሆነ ደግሞ የመምህሯን የዲፕሎማ ትምህርት በአንድ ቅሬታ ይሽረዋል። እንግዲህ መምህሯን ብቻ ማሠልጠን ለምን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል?

ወላጅ እንደ ተመልካች

ችግሩን ያየ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤና ጥበቃና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። አራት ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው ምን መሰላችሁ? የወላጆች ትምህርት! ሁለተኛው የሕፃናት ጤናና ማነቃቃት፣ ሦስተኛው መዋዕለ ሕፃናት፣ አራተኛው ከመደበኛ ውጭ የሆነ የትምህርት ዝግጁነት ነው። የጻፉት ሰዎች ቅደም ተከተሉ ገብቷቸዋል።

ወደ ተግባር ሲገባ ግን የሮጠው ሌላው ነው። በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ «ዜሮ ክፍል» ተከፈተ። ተሳትፎው በ2003 ከነበረበት 5 ከመቶ ገደማ በ2007 ወደ 39 ከመቶ ወጣ። በአራት ዓመት! በነፃ ስለሆነም የድሃው ልጅ ገባ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክፍል በአንድ ክረምት ይከፈታል፤ መምህር ግን በአንድ ክረምት አይደርስም። ብዙ ቦታ የገቡት 10ኛ ክፍል ጨርሰው ለዚህ ሥራ ያልሠለጠኑ ወጣቶች ወይም ከአንደኛ ደረጃ የተዛወሩ መምህራን ነበሩ። የአንደኛ ክፍል ትምህርት ወደ አምስት ዓመት ልጅ ወረደ። አንደኛው ምሰሶ፣ የወላጆች ትምህርት፣ ወረቀት ላይ ቀረ።

ሒሳቡን እንቀጥል። የዚያን ጊዜ የዜሮ ክፍል ልጆች ዛሬ የት ናቸው? የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎቻችን ውስጥ ተቀምጠዋል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። በዜሮ ክፍል ነው ብዬ አልደመድምም፤ ግን ከአሁን በኋላ የምናስተምረው ትውልድ አንዴ ክፍል ያየ ትውልድ ነው። ጥያቄው ክፍል ገባ አልገባም መሆኑ ቀርቶ እዚያ ምን አገኘ ወደሚለው ተሸጋግሯል።

እኛ ሰፈር ቢሆንስ?

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን በሥርዓቱ ውስጥ አስገብቷል። አዲስ አበባም የቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራም ጀምራ ወላጆችን ቤት ለቤት የሚያማክሩ ባለሙያዎችን አሰማርታለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥልጠናው የወላጁን በር ሲያንኳኳ ማየት አዲስ ነገር ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ቤት የምትመጣዋ አማካሪና ክፍል ያለችው መምህርት አንድ ነገር ካልተናገሩ ወላጁ ተመልሶ ደብተሩን ነው የሚያምነው።

ሥልጠናው ያለ አይመስላችሁ፤ አለ። እኛ መምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በተለምዶ «ተሙማ» የምንለው፣ በዓመት 60 ሰዓት አለብን። ወላጅ ደግሞ ወላጅ መምህር ኅብረት፣ «ወመህ» አለው። ግን ተሙማ ላይ ወላጅ የለም፤ ወመህ ሲጠራም አጀንዳው አጥር፣ ወንበርና መዋጮ ነው። ሁለቱን በወር አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል? አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፣ አበል አይፈልግም።

የኛን ቄራ ውሰዱ። እዚህ ከብት የሚታረደው ሌሊት ነው፤ ሥጋው ጎህ ሳይቀድ ወደ ልኳንዳው ይጫናል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ አባት ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ተጠርቶ ቢቀር «ለልጁ ግድ የለውም» ይባላል። ሰዓቱን ከሰዓት በኋላ አድርጉትና ይምጣ። ሲመጣ ንግግር አታሰሙት፤ ልጁ የሚማርበትን ምንጣፍ ላይ አስቀምጡትና ቆርኪውን ለልጁ ያስቆጥር። መምህሯ ይህ ለምን ቁጥር እንደሆነ ታሳየው። እሱም የሚያስተምረው አለው። ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ታላቅ፣ ሻኛ፣ ፍሪምባ። ይህን ሁሉ በዓይኑ የሚለይ አባት ለልጁ መለየትን፣ መመደብን፣ መመዘንን ማስተማር ያቅተዋል? ማንበብ የማትችል እናትስ ተረትና እንቆቅልሽ አታውቅም? እቃቃ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገበጣ ከየትኛው የውጭ መጫወቻ ያንሳሉ? መምህሯም ከወላጁ ስለ ልጁ ታውቃለች፤ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያስፈራው። ይህ በየትኛውም የዲፕሎማ ኮርስ ውስጥ የለም።

ክፍለ ከተማችን ቂርቆስ ነው የሚባለው። ስሙ የሕፃን ስም ነው፤ በገድሉ የሦስት ዓመት ልጅ። ሥዕሉ ላይም ብቻውን አይሣልም፤ እናቱ ኢየሉጣ አብራው አለች። የሕፃን ስም ተሸክመን እናቱን ከክፍል ውጭ ማቆም ለኛ ሰፈር አይመጥንም።

ወላጆች፣ ክረምት ላይ ልጅ ስታስመዘግቡ ስለ ክፍያና ስለ እንግሊዝኛ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መምህሯ ለዚህ ዕድሜ የሠለጠነች ናት? ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ይጫወታል? እኔ ክፍሉ ገብቼ የማየው መቼ ነው? ሦስተኛውን «አይቻልም» ያላችሁ ትምህርት ቤት ካለ ሌላ ፈልጉ። ባዶ ደብተር ካያችሁ ደግሞ ወደ ዳይሬክተሯ አትሩጡ፤ መጀመሪያ ልጁን «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» በሉት፤ ቁጭ ብላችሁም ስሙት።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ከወላጅ ጋር አብራችሁ የሠለጠናችሁበት ቦታ ካለ እንዴት እንደሆነ ከታች ጻፉልን። ሌላውም ይማርበታል።